«እንደ ዮናስ ነህ» ተባልኩ፤ ሥራ ልልቀቅ ወይስ ልቀመጥ?

የሒሳብ ሰው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩን ሳላስረዝም ልንገራችሁ። ዘጠኝ ዓመት በሒሳብ ሥራ ላይ ነኝ። ባለትዳር ነኝ፣ ሁለት ልጆች አሉን። ከሦስት ሳምንት በፊት ጸሎት ላይ አንድ የማላውቀው አገልጋይ ከመሃል አስነስቶኝ «ጥሪህን እየሸሸህ ነው፤ እንደ ዮናስ ነህ፤ ያንን ቢሮ ካልለቀቅክ ማዕበሉ አይቆምም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ቃሉን ማስተማር እወዳለሁ፣ እሱ እውነት ነው። ግን ሥራዬንም አልጠላም። እንዲያውም ሒሳቡ ሳንቲም ሳይጎድል ሲዘጋልኝ ደስ ይለኛል (ይሄን የሚረዳኝ የሙያ ባልደረባዬ ብቻ ነው)። ለመሆኑ ጥሪ ማለት ምንድነው? ለአንዳንድ ሰው ብቻ የሚመጣ ድምፅ ነው? ወይስ እዚሁ ባለሁበት ተጠርቻለሁ? ሳትሸፋፍኑ ንገሩኝ።

ዮናስ ነበርኩ፦
ወንድሜ፣ እኔ አራት ዓመት ሸሽቻለሁ፤ ስለዚህ ያለህበትን አውቀዋለሁ። እግዚአብሔር ሰውን በስሙ ይጠራል። አብርሃምን ከአገሩ አወጣው፣ ሙሴን ከበግ ጥበቃ አነሣው፣ ጴጥሮስና እንድርያስ መረባቸውን ትተው ተከተሉት። «ቆይ መጀመሪያ የዓመቱን ሒሳብ ልዝጋ» ያለ አላየሁም። «ሁሉም ሥራ ጥሪ ነው» የሚለው አነጋገር ጥሩ ይመስላል፣ ግን ብዙ ጊዜ ከወንበራችን ላለመነሣት የምንሸፈንበት ብርድ ልብስ ነው። እኔ ስለቅ ፈርቼ ነበር። በለቀቅኩበት ሌሊት ግን በአራት ዓመት ውስጥ ያልተኛሁትን እንቅልፍ ተኛሁ።

ጠያቂ፦
ሰላም ተሰማኝ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ ማለት ማስረጃ ከሆነ ዮናስም መርከቡ ውስጥ ከባድ እንቅልፍ ተኝቶ ነበር። ምዕራፍ 1 ቁጥር 5። እየሸሸ ማለት ነው 😀

ወደ ቁም ነገሩ ስንመጣ፣ አዲስ ኪዳን «ተጠራችሁ» ሲል አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሥራም ስለ መድረክም እያወራ አይደለም። ሮሜ 1:7 ቅዱሳን ለመሆን የተጠራችሁ ይላል። 1ኛ ቆሮንቶስ 1:9 ወደ ልጁ ኅብረት ጠራችሁ ይላል። ኤፌሶን 4:1 ለተጠራችሁበት ጥሪ እንደሚገባ ኑሩ ይልና ወዲያው ትሕትና፣ የዋህነት፣ ትዕግሥት፣ አንዱ ሌላውን በፍቅር መታገሥ ብሎ ይቀጥላል። ይሄ የተጻፈው ለጉባኤው ሁሉ ነው፣ ለልብስ ሰፊውም ለባሪያውም ለእናቶችም። «ቤተ ክርስቲያን» የምንለው ቃል ራሱ በግሪኩ ኤክሌሲያ ነው፤ ሥሩ መጥራት ከሚለው ግስ ነው። ስለዚህ ጥሪ ያለውና ጥሪ የሌለው ክርስቲያን ብሎ ነገር የለም። ያልተጠራ ክርስቲያን የለም።

ዮናስ ነበርኩ፦
ጠያቂ፣ ከሮሜ 1:7 ትንሽ ከፍ ብለህ ቁጥር 1ን አንብብ እስቲ። ጳውሎስ «ሐዋርያ ሊሆን የተጠራ» ይላል ስለ ራሱ። ሐዋርያት ሥራ 13:2 ላይ መንፈስ ቅዱስ በርናባስንና ሳውልን «ለጠራኋቸው ሥራ ለዩልኝ» አለ። እዚያ አንጾኪያ ውስጥ ያሉት ሁሉ ተለዩ እንዴ? የምትፈልገውን ጥቅስ ብቻ መርጠህ አትምጣ።

ጠያቂ፦
እሺ፣ ይሄን ወስጃለሁ። ሁለት ዓይነት አጠቃቀም አለ። ለሁሉም የሆነው አለ፣ ለተወሰነ ሥራ የሚሆንም አለ። እኔ የምጣላው ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሲውጠው ነው። «ጥሪህ ምንድነው?» ሲባል ማንም ሰው «ክርስቶስን መምሰል» ብሎ አይመልስም፤ ቢመልስ «እሱማ ይታወቃል፣ ዋናውን ንገረን» ይሉታል።

የሌሊት ፈረቃ፦
እኔ ነርስ ነኝ። ስሜን እዩት። ለዓመታት «አገልጋዮች ተነሡ እንጸልይላችሁ» ሲባል ተቀምጬ ነው የማየው። አንድ ቀን እንኳ ሌሊቱን ሙሉ ሰው ሲያነሡና ሲጥሉ የሚያድሩት ይነሡ ተብሎ አያውቅም። እስቲ ዘጸአት 31ን አንብቡ። እግዚአብሔር «በስሙ ጠርቼዋለሁ፣ በመንፈሴም ሞልቼዋለሁ» ያለው ስለ ማን ነው? ስለ ባስልኤል። ባስልኤል ደግሞ ነቢይ አይደለም፣ ካህንም አይደለም። ወርቅና ብር የሚሠራ፣ ድንጋይ የሚቀርጽ፣ እንጨት የሚጠርብ የእጅ ባለሙያ ነው። የጀርመኑ የተሐድሶ መሪ ማርቲን ሉተር በ16ኛው ክፍለ ዘመን መነኩሴው ብቻ ተጠርቷል የሚለውን አልቀበልም ያለው እኮ ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ በጀርመንኛ ቤሩፍ የሚለው ቃል፣ መጥራት ከሚለው የወጣው፣ የማንኛውም ሰው ሙያ መጠሪያ ሆነ። ልጅ የምታጥብ እናት ከገዳሙ ደጅ ውጭ ሆና ተጠርታለች ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ሥራዬን ስኳር እንዳታደርጉብኝ። አንዳንድ ሌሊት ቅድስና ምናምን አይሰማኝም። ደመወዝ ነው፣ በቃ።

ገዳም ናፋቂ፦
እህቴ፣ ደመወዝ ነው ያልሽውን ወደድኩት። ሉተር ላይ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። እሱ የቆመባት ጥቅስ 1ኛ ቆሮንቶስ 7:20 ናት፣ እያንዳንዱ በተጠራበት ጸንቶ ይኑር የምትለው። እዚያ ቦታ ላይ ጳውሎስ የሚያወራው ስለ መገረዝና ስለ ባርነት ነው። ባርነት ጥሪ ነው ልንል ነው? ወዲያው ቁጥር 21 ላይ ነፃ መውጣት ከቻልክ ተጠቀምበት ይላል። ስለዚህ «በተጠራበት» ማለት ወንጌል ባገኘህ ጊዜ የነበርክበት ሁኔታ ማለት ነው እንጂ ሥራህ ከሰማይ የተጻፈልህ ነው ማለት አይደለም። ሥራን ሁሉ ጥሪ ካልነው ጨካኝ አለቃ ይሄን ጥቅስ አንጠልጥሎ «ደመወዝ ጭማሪ አትጠይቅ፣ ተጠርተህ ነው» ማለት ይችላል። ከዚያ ደግሞ ከሥራ የተባረረው፣ የአልጋ ቁራኛ የሆነው፣ ጡረታ የወጣው ጥሪው በዚያው ቀን አበቃ?

ምንኩስናንም እንዲህ በአንድ አፍ አትናቁት። አባ እንጦንስ በ3ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ ውስጥ የሰማው የሌሊት ድምፅ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የማቴዎስ 19:21 ሲነበብ ነው የሰማው፣ ሁሉም ሰው የሰማውን ያንኑ ንባብ። ሀብቱን ሲሰጥ ደግሞ ታናሽ እህቱን ሜዳ ላይ አልጣላትም፣ ለሚንከባከቧት ደናግል አደራ ሰጣት። በረሃ የገባውም ወዲያው አይደለም። በመንደሩ አቅራቢያ ካሉ አረጋውያን እየተማረ ቆይቷል።

የሌሊት ፈረቃ፦
የባሪያው ነገር ልክ ነው፣ አላሰብኩትም ነበር። ባስልኤልን ግን አልለቅም 🙂

ድንኳን ሰፊ፦
እኔ ቀን ቀን ሥራ እሠራለሁ፣ ማታና ቅዳሜና እሑድ ጉባኤ አገለግላለሁ። «ሙሉ ጊዜ አልገባህም ገና?» የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ አጠያየቃቸው «አልታጨህም ገና?» እንደሚባለው ነው። የሐዋርያት ሥራ 18ን ሳነብ የሚገርመኝ ይሄ ነው። ጳውሎስ ቆሮንቶስ ገብቶ አቂላና ጵርስቅላ ጋር ድንኳን ይሰፋል (ቁ. 3)። ሲላስና ጢሞቴዎስ ከመቄዶንያ ሲመጡ ደግሞ ቃሉን በመስበክ ላይ ተጠመደ (ቁ. 5)። አንድ ሰው፣ አንድ ከተማ፣ ሁለት ዓይነት አኗኗር። ጥሪው በመካከል ተቀየረ እንዴ? አልተቀየረም። የተቀየረው እንጀራው የሚመጣበት መንገድ ነው። 1ኛ ቆሮንቶስ 9:14 ላይ ወንጌልን የሚሰብኩ ከወንጌል ይኑሩ ብሎ መብቱን ያስቀምጥና እኔ ግን አልተጠቀምኩበትም ይላል። ስለዚህ የሙሉ ጊዜና የትርፍ ጊዜ የሚባለው የማዕረግ ደረጃ አይደለም፣ የገቢ ጉዳይ ነው። የሒሳብ ሰው፣ አንተ ይሄን ከማንም በላይ ይገባሃል።

ዮናስ ነበርኩ፦
ሁላችሁም ጥሩ ትናገራላችሁ። ግን ከእናንተ ውስጥ እስካሁን «እግዚአብሔር አንዳንዴ ለአንድ ሰው ልቀቅ ሊል ይችላል» ያለ የለም። አሞጽ ከብት ጠባቂ ነበር፣ የነቢይም ልጅ አይደለም፤ እግዚአብሔር ከመንጋው ኋላ ወሰደው። ምሪት የሚባል ነገር አለ እኮ። በጥቅስ ብዛት አታፍኑት።

አሮጌ ወንበር፦
ልጆች፣ ዘግይቼ ገባሁ። የሒሳብ ሰው፣ ልጄ፣ መጀመሪያ እዚያ «ዮናስ» የሚለው ቃል ላይ ቁም። ዮናስ ወደ ነነዌ ሂድ የሚለውን የሰማው ራሱ ነው። የሚሸሸውን ያውቅ ነበር። አንተ የምትሸሸውን ሌላ ሰው ነው የነገረህ። ይሄ ዮናስ አይደለም፤ የሚመስለው 1ኛ ነገሥት 13ን ነው። አንድ የእግዚአብሔር ሰው ከይሁዳ መጣ፣ እንጀራ አትብላ ውኃም አትጠጣ ተብሎ ታዝዟል። አንድ ሽማግሌ ነቢይ አግኝቶት «እኔም እንዳንተ ነቢይ ነኝ፣ መልአክ ነግሮኛል፣ ወደ ቤትህ መልሰው ተብያለሁ» አለው። ዋሸው። ሰውየው አመነና ተመለሰ፣ መንገድ ላይ አንበሳ ገደለው። መጽሐፉ ይሄን ታሪክ ዝም ብሎ አላስቀመጠውም።

ሁለተኛ፣ ጥሪ በውስጥ የሚሰማ ነገር ብቻ ነው ማለት የቅርብ ጊዜ ልማድ ነው። አምብሮስዮስ በ374 እ.ኤ.አ. የሚላን ገዥ ነበር። ጳጳስ ሲመረጥ ሁከት እንዳይነሣ ሊያረጋጋ ሄደ፣ ሕዝቡ እሱኑ ይሾምልን ብሎ ጮኸ። ገና አልተጠመቀም እንኳ! ሊያመልጥ ሞከረ፣ አልሆነም። አውግስጢኖስ በ391 ሰሜን አፍሪካ ውስጥ ወዳለችው ሂጶ ከተማ ሲሄድ ሕዝቡ ይዞ ቅስና አስቀበለው፤ እያለቀሰ ነው የተቀበለው። ሁለቱም «ልቤ ውስጥ ሸክም አለብኝ» ብለው አልመጡም። ጥሪው በጉባኤው አፍ ነው የመጣላቸው። ሳሙኤልም ሕፃን ሳለ ሦስት ጊዜ ወደ ዔሊ ሮጠ፣ ድምፁን ለይቶ አላወቀውም፤ ያስተማረው ሽማግሌው ነው፣ ያውም ቤቱን መግዛት ያቃተው ሽማግሌ።

ዮናስ ነበርኩ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ጉባኤም እኮ ይሳሳታል። ኤርምያስን ጉባኤ ቢጠየቅ ኖሮ ይልኩት ነበር? ጳውሎስም ገላትያ 1:16 ላይ ከሥጋና ከደም ጋር አልተማከርኩም ይላል።

አሮጌ ወንበር፦
ልክ ነህ፣ ይሳሳታል። እኔም ተሳስቼ አውቃለሁ፤ አንድ ወጣት ቶሎ ግባ ብለን አጣድፈነው በሁለት ዓመት ትዳሩም እሱም ደከሙ፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ግን አንድ ገጽ ግለጥ። ገላትያ 2 ላይ ያው ጳውሎስ ከዓመታት በኋላ ኢየሩሳሌም ወጥቶ የሚሰብከውን ወንጌል በፊታቸው አቀረበ፣ በከንቱ እንዳልሮጥ ብሎ። ያልተማከረው ሰው ራሱን ለማስመርመር ሄደ። አንተስ ስትለቅ ማን ጋር ሄድክ?

ዮናስ ነበርኩ፦
…ሽማግሌዎቻችን ስምንት ወር አቆይተውኛል። ያኔ ተናድጄ ነበር። እውነቱን ለመናገር ያ ስምንት ወር ባይኖር ባለቤቴ አብራኝ አትመጣም ነበር።

ጠያቂ፦
ይሄን ከመጀመሪያው ብትነግረን ኖሮ ግማሹ ክርክር ይቀር ነበር እኮ!

የሌሊት ፈረቃ፦
የሒሳብ ሰው የት ጠፋ? ባለቤትህ ምን አለች? እሷን እስካሁን የጠየቃት የለም።

የሒሳብ ሰው፦
አለሁ፣ እያነበብኩ ነበር። ትናንት ማታ ሙሉውን ነገርኳት። ለካ የዚያን ቀን የተባልኩትን ከጎኔ ተቀምጣ ሰምታለች፣ እኔ እስክጀምረው እየጠበቀች ነው። «ለእኔ የተነገረኝ የለም፤ ግን ስታስተምር ሳይህ ደስ ይለኛል፤ ግን ደግሞ የልጆቹ ትምህርት ቤት» አለች። ሁለት ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር።

ስለዚህ መልቀቂያ አላስገባም፣ ቢያንስ አሁን። ሽማግሌዎቻችንን ሄጄ ሳናግራቸው «ከማን ነው የሰማኸው?» አሉና ተያዩ። ከዚያ የቅዳሜ ጠዋት የአዳዲስ አማኞች ክፍል አስተማሪ አጥቷል፣ አንድ ዓመት ያዝልን አሉኝ። ያዝኩት። ማዕበል የሚለው ቃል አሁንም ሌሊት ይመጣብኛል፣ አልዋሽም።

ዮናስ ነበርኩ፦
እኔ አሁንም የምትለቅበት ቀን ይመጣል ባይ ነኝ።

ድንኳን ሰፊ፦
ከመጣ ይምጣ። የቅዳሜው ክፍል ስንት ሰዓት ነው? እኔም አንድ የጀማሪዎች ክፍል አለኝ፣ የትምህርት ቅደም ተከተሉን ልላክልህ?

የሒሳብ ሰው፦
ላክልኝ። እስከ ዓርብ ቢደርሰኝ ደስ ይለኛል፣ የወር መዝጊያ ስለሆነ ሐሙስን አታስበኝ።