ከአያቴ ሳጥን የወጡ የበዓል ማስታወሻዎች፦ የቁንዝላ ዘመዶቻችንን በምን እንፈልግ?

ጥያቄ፦ የሽምብጥ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። አያቴ በወጣትነታቸው ከጣና ዳር ካለችው ከቁንዝላ በጀልባ ተሻግረው ባሕር ዳር ገቡ፤ እዚሁ ወልደው ከብደው ዓምና አረፉ። ሙት ዓመታቸው እየተቃረበ ነው። አንድ ታላቅ ወንድም እንደነበራቸው ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፣ ስሙን ግን የሚያውቅ የለም። አያቴ ዕድሜ ልካቸውን «አያዬ» ከማለት በቀር በስሙ ጠርተውት አያውቁም፤ ታላቅ በስሙ አይጠራምና። እናቴ «የአያዬ ልጆች ካሉ፣ እነሱ ሳይሰሙ ዝክሯ አይወጣም» ብላ ቆርጣለች።

በእጃችን ያለው የአያቴ ሳጥን ብቻ ነው። ከውስጡ በታይፕ የተጻፈ አንድ የጥሪ ወረቀት አገኘን። ከላይ «ጎጃም ጠቅላይ ግዛት» የሚል አለበት። ከሥሩ «ቅዳሜ ጥር 18 ቀን በቁንዝላ የሰማዕቱን ዝክር ስለምናወጣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላችሁ ማኅበርተኞች ከነቤተሰባችሁ በጀልባ ድረሱልን» ይላል። ዓመተ ምሕረት አልተጻፈበትም። ከወረቀቱ ጋር ሁለት ጣት የሚሰፋ ነጭ ጥብጣብ ታጥፎ ተቀምጧል፤ በቀይ ክር «ሙሴ ወልደ ሰንበት» ተብሎ ተጠልፎበታል። ሌላው ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። አያቴ ሕፃን አዝለው ሐይቁ ዳር ቆመዋል፤ አጠገባቸው ያንኑ ጥብጣብ ደረቱ ላይ ያደረገ ረጅም ሰው አለ። ከፎቶው ጀርባ በማኅተም ቀለም «27/1/68» ተመትቶበታል።

እናቴ የተወለደችው በሐምሌ 1957 ዓ.ም. ነው። «በ68 መስከረም የአሥር ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ የታዘለችው ሕፃን የአያዬ ልጅ መሆን አለባት» ትላለች። እኛም «የወልደ ሰንበት ልጅ ሙሴ» እያልን በቁንዝላ ብናስጠይቅ የሚያውቀው ጠፋ። ከየት ብንጀምር ይሻላል?

መልስ፦ የቀድሞ ፎቶ አንሺ

እህቴ፣ የማኅተሙን ቀን «መስከረም 27» ብላችሁ ከማንበባችሁ በፊት ቆም በሉ። በእጅ የተጻፈ ሳይሆን በማኅተም የተመታ ከሆነ የፎቶ ቤቱ የቀን ማኅተም ነው። ማኅተሙን የሚያዞረው ባለሙያ በእኛም በፈረንጆቹም አቆጣጠር ሊያዞረው ይችላል። ሁለቱንም አይቻለሁ። ስለዚህ ቁጥሩን ለጊዜው ተዪውና ፎቶውን ራሱን ጠይቂው።

ጣና በመስከረምና በጥቅምት ከዓመት ሁሉ ይበልጥ የሚሞላበት ጊዜ ነው፤ ዳሩም ለምለም ነው። በጥር ውኃው ሸሽቷል፣ ሣሩም ገርጥቷል። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ቢሆንም ልዩነቱ አይጠፋም፦ ከአያትሽ እግር ሥር ያለው ሣር ረጅምና ጥቅጥቅ ያለ ነው ወይስ የተጋጠና የተነጠፈ? በውኃውና በሣሩ መካከል የደረቀ ጭቃ ወይም ባዶ ድንጋይ ይታያል? የዛሬውን ዳርቻ ግን መለኪያ አታድርጊ፤ የጨረጨራ ግድብ በ1988 ዓ.ም. ከተሠራ ወዲህ የሐይቁ ውኃ በሰው እጅ የሚለቀቅና የሚያዝ ሆኗል።

ሌላም ላስቸግርሽ። ጀርባውን በመስኮት ብርሃን ወደ ጎን አጋድመሽ ተመልከቺ። የእርሳስ ጽሑፍ ቢጠፋ እንኳ የጫነበት ጎድጓዳ መስመር በአግድም ብርሃን ይታያል። ላስቲክ እንዳታስለብጪው፤ አንዴ በሙቀት ከተለበጠ ያለ ጉዳት አይላቀቅም።

መልስ፦ ጡረተኛ መምህር

የጥሪ ወረቀቱ ዓመተ ምሕረት ባይኖረውም ዕለትና ቀን አብረው ስላሉት ዓመቱን ራሱ ይናገራል። ጥር 18 ቅዳሜ የሚውለው በየአምስትና በየስድስት ዓመቱ፣ አልፎ አልፎም በአሥራ አንድ ዓመት ነው። አስልቼዋለሁ፦ በ1949፣ በ1955፣ በ1960 እና በ1966 ዓ.ም. ውሏል። «ጠቅላይ ግዛት» የሚለው በደርግ ዘመን «ክፍለ ሀገር» ስለተባለ ከዚያ ወዲህ መፈለግ አያሻም። 1949ም ይወድቃል፤ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ የተቋቋመው በፈረንጆቹ 1961 ነው፤ በ1949 የፋብሪካ ማኅበርተኛ አይኖርም። የቀሩት ሦስት ዓመታት ናቸው።

አሁን ወደ ማኅተሙ እንመለስ። 27/1/68ን በፈረንጆቹ ብናነብበው ጃንዋሪ 27 ቀን 1968 ይሆናል። ጥር 18 አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው ጃንዋሪ 26 ላይ ነው። 1959 ግን ዘመነ ሉቃስ ነበርና ጳጉሜን 6 ቀን ሆነች፤ በማግሥቱ የገባው የ1960 ዘመነ ዮሐንስ አንድ ቀን ገፋ። ስለዚህ ጥር 18 ቀን 1960 ዓ.ም. ጃንዋሪ 27 ቀን 1968 ነው፤ ዕለቱም ቅዳሜ ነው! በእኛ አቆጣጠር ካነበብነው ግን መስከረም 27 ቀን 1968 ረቡዕ ይውላል፤ ከጥሪ ወረቀቱ ጋር የሚያገናኘው ምንም ነገር የለም።

ልጄ፣ ወረቀቱና ፎቶው የአንድ ቀን ይመስሉኛል። ይህ ከሆነ የታዘለችው ሕፃን ማን እንደሆነች እናትሽ ዕድሜዋን ቆጥራ ትንገርሽ።

መልስ፦ ዲያቆን ከዘጌ

«ሙሴ» ብላችሁ መጠየቃችሁ ነው ሰው ያሳጣችሁ። በጽዋ ማኅበር ሙሴ የማኅበሩ አለቃ ነው፤ ሰብሳቢው፣ ዳኛው፣ ቅጣት የሚቀጣው እሱ ነው። ጥብጣቡ «የማኅበሩ ሙሴ፣ ወልደ ሰንበት» ማለቱ ነው። ወልደ ሰንበት ደግሞ የአባት ስም አይደለም፤ የሰውየው የራሱ የክርስትና ስም ነው። በገበያ፣ በግብርና በፍርድ ቤት የሚጠራበት ሌላ የዓለም ስም ነበረው። ጎረቤቶቹ እንኳ በክርስትና ስሙ ላያውቁት ይችላሉ፤ የሚያውቁት የነፍስ አባቱና ማኅበርተኞቹ ናቸው።

ስለዚህ ፍለጋው ወደ ማኅበሩ ይሂድ። ጥሪው «ሰማዕቱ» ያለው ቅዱስ ጊዮርጊስን ነው። የጊዮርጊስ ማኅበር ወር በገባ በ23 ይጠጣል፤ ጥር 18 ዝርወተ ዐፅሙ፣ ዐፅሙ የተበተነበት መታሰቢያ፣ ስለሆነ ከወሩ ዝክር ከፍ ብሎ ይዘከራል። ማኅበር ሰው በመሞቱ አይፈርስም፤ አባት ሲያልፍ ልጁ በቦታው ይገባል፣ ጽዋውንም ይቀበላል። ብዙ ማኅበር የተረኞችን ስም፣ ያዋጡትንና የተቀጡትን የሚጽፍበት ደብተር አለው። አንዳንዱ የክርስትናውንና የዓለሙን ስም አጠገብ ለአጠገብ ይጽፋል። ደብተሩ ከተገኘ መፈለግ ያለበት «ወልደ ሰንበት» የሚለው ስም ብቻ አይደለም፤ ከእሱ ቀጥሎ በቦታው የገባው ማን እንደሆነ ነው። ያ ሰው ልጁ ወይም የልጅ ልጁ ነው።

ከቁንዝላ በፊት ግን እዚያው ባሕር ዳር የአያትሽን የነፍስ አባት ጠይቂ። አያትሽ ለወንድማቸው ፍትሐት አስፈትተው ወይም ተዝካር አውጥተው ከሆነ ለካህኑ የሰጡት የክርስትና ስሙን ነው። «ወልደ ሰንበት» ከሆነ የጥብጣቡ ባለቤት አያዬ መሆኑ ተረጋገጠ። ካልሆነ ግን ሙሴውን ከወንድማቸው ጋር ለማገናኘት አትቸኩሉ፤ ፎቶ ላይ አብሮ መቆም ዝምድና አይደለም።

ማኅበርተኞቹ ወደ ገዳማቱ የሰጡት መጽሐፍ ወይም ጥላ ካለም የስጦታ ጽሑፉ ስም ይይዛል። ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ የሚያመራ ነገር ካገኘሽ ወንድምሽን ላኪ፤ ሴት አትገባበትም።

መልስ፦ ጡረታ የወጣች የፋብሪካ ሠራተኛ

አልሐምዱሊላህ፣ እኔም የዚያው ፋብሪካ ፈታይ ነበርሁ፤ ከእናትሽ ትንሽ ብበልጥ ነው። አንድ ነገር አለፋችሁ። ጥሪው የመጣው «ከፋብሪካ ላላችሁ» ነው፤ ስለዚህ ከአያትሽ ቤት አንድ ሰው የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር ማለት ነው። አያትሽ ወይም ባላቸው ማን እንደነበሩ እናትሽ አታጣውም።

ሥራ ስንገባ ዋስ ጥሩ እንባል ነበር። አገር ቤት ርስትና ንብረት ያለው ወንድም ወይም አጎት ነበር ዋስ የሚቆመው። የሠራተኛው የግል ማኅደር ከተገኘ የትውልድ ቦታ፣ የዋስና የቅርብ ዘመድ ስም ይኖርበታል፤ የሚጻፈውም የዓለም ስም ከነአባት ስም ነው። ለጡረታ የቀረበ ወረቀት ቤት ውስጥ ካለ ቁጥሩን ያዢ፤ ያለ ቁጥር ፋይል የሚያስወጣልሽ ሰው አታገኚም።

በእኛም ቤት የአባቴን ወገን ያገኘነው በመውሊድ ቀን ከታሰረ የኒካሕ ወረቀት ነው። ሙሽሪትን የሚድረው ወሊ የሥጋ ዘመዷ ስለሆነ ስሙ ተጽፎ ቀረ፤ ምስክሮቹ ደግሞ የት መንደር እንደምንጠይቅ አመለከቱን።

የሽምብጥ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፎቶውን መስኮት ዳር አጋድሜ አየሁት። ሣሩ የተጋጠ ነው፤ ከአያቴ እግር እስከ ውኃው ድረስ የተሰነጣጠቀ ጭቃ ይታያል። ጥር ነው። ከማኅተሙ በታችም በእርሳስ «ለእታለም» የሚል ተጭኖ ቀርቷል፤ ሰጪው ስሙን አልጻፈም።

ለእናቴ የመምህሩን ስሌት አነበብሁላት። በጥር 1960 ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ይሆናታል። ሕፃኗ እሷ ራሷ ናት። ፎቶውን ተቀብላኝ ብዙ ቆየችና «እንግዲያ አያዬን አይቼዋለሁ» አለች። አያቴን «እታለም» የሚላቸው ሰው ግን ባሕር ዳር ውስጥ አልነበረም።

አያቴ ራሳቸው ፈታይ ነበሩ፤ የጡረታ ደብተራቸው አለ። የነፍስ አባታቸውን ነገ አገኛቸዋለሁ። ከዚያ ወደ ቁንዝላ ልንሄድ ነው። ለሽማግሌዎቹ ምን ብለን እንጀምር?

መልስ፦ የአቸፈር ሰው

ልጄ፣ ወረቀት እስከ ደጃፍ ያደርሳል፤ ቤት የሚያስገባሽ ሰው ነው። ቁንዝላ ስትደርሺ «ወልደ ሰንበትን ታውቃላችሁ?» ብለሽ አትጀምሪ። ሽማግሌ እንግዳን ማሳፈር ስለማይወድ «አዎ፣ ሰማሁ መሰለኝ» ሊልሽ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ እውነቱንና ይሉኝታውን መለየት ይቸግራል። ፎቶውን ያለ ምንም ቃል ስጪና ዝም በዪ። አንዱ ሽማግሌ ያለውን ሌላው ሳይሰማ ለየብቻ አሳዪ። ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ አንድ ስም ካሉ ያ ስም ይያዛል። ከዚያ በኋላ «በ1960 የጊዮርጊስ ማኅበር ሙሴ የማን ቤት ነበር? እህቱስ ወደ ፋብሪካ የሄደችበት ማን ነበር?» በዪ። የገጠር ሰው ዓመተ ምሕረት ላያስታውስ ይችላል፤ ማን እንደ ደገሰ ግን አይረሳም።

በእኛ አገር ዘር መቁጠር ለወግ ብቻ አልነበረም። ርስት የሚገኘው በአባትም በእናትም በኩል እስከ አቅኚው አባት ቆጥሮ በመድረስ ነበር፤ ቆጥሮ ያልደረሰ መሬት አያገኝም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መሬት ለመንግሥት ሲሆን ያ ክርክር ቀረ። ለጋብቻ ግን ሰባት ቤት መቆጠሩ ስላልቀረ፣ ልጅ የዳረ ቤት ሁሉ ቆጣሪ አያጣም። በአካባቢው ሲዳር የሚጠራውን ቆጣሪ ፈልጊ። አያትሽ የማን ልጅ እንደሆኑ ከነአያታቸው ስም ይዘሽ ከቀረብሽ ወንድማቸውንና የወንድማቸውን ልጆች እሱ ይቆጥርልሻል። ርስት ያለበት ቆጠራ አንዳንዴ ወደ ትልቅ ስም ያዘነብላል፤ ሁለት ቆጣሪዎች የተለያየ ነገር ካሉሽ ሁለቱንም ጻፊ እንጂ አንዱን አትሰርዢ።

መልስ፦ ዲያቆን ከዘጌ

በአባታችን ቃል ላይ ጥቂት ልጨምር። ጉዞውን ወር በገባ በ23 አድርጉት፤ ማኅበሩ ካለ በዚያ ቀን ተሰብስቦ ታገኙታላችሁ፣ ደብተሩም ከተረኛው ቤት ይወጣል። ባዶ እጃችሁን እንዳትሄዱ፤ ጧፍና ዕጣን ያዙ። ከሳጥኑ ውስጥ ጥብጣቡን ብቻ እውነተኛውን ይዘሽ ሂጂ፤ የጥሪ ወረቀቱና ፎቶው ቅጂያቸው ይበቃል። ጥልፉን ያየ ማኅበርተኛ የማን እጅ እንደጠለፈው ሊያውቅ ይችላል። እናትሽም ከተቻላቸው አብረው ይሂዱ፤ በመልካቸው የሚለያቸው አይጠፋም።

የሽምብጥ ልጅ፦

እናቴ ነጠላዋን አጥባለች፤ እሷን ማስቀረት አይቻልም። በሚመጣው 23 እንሄዳለን። ከሰሜን አቸፈር ወገን የጊዮርጊስ ማኅበር ደብተር ያለው ቤት የምታውቁ ካላችሁ ከዚያ በፊት ብትጠቁሙን በወንድሞቼም ስም አመሰግናለሁ።