መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኤፍቲፒው ይገባል ግን ፋይል አያሳይም

የጣና ዳር ካሜራ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ከባህር ዳር ነኝ፣ የሰርግ ቪዲዮ ነው የምንሰራው። ቤት ኡቡንቱ የተጫነበት ዴስክቶፕ ላይ ቪኤስኤፍቲፒዲ (ፋይል በኔትወርክ የሚሰጥና የሚቀበል የኤፍቲፒ ሰርቨር) አድርጌ ሀይቁ ዳር የቀረፅነውን ማታ እገለብጥበታለሁ፣ አዲስ አበባ ያለው ኤዲተራችን ደግሞ ከዛ በፋይልዚላ (ከኤፍቲፒ ሰርቨር ፋይል የሚያወርድ ፕሮግራም) ያወርዳል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ ሌላ አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር) ይዞ ነው የሚነሳው፣ ለዚህ ብዬ ዳክ ዲኤንኤስ (አይፒው ቢቀየርም በአንድ ስም እንድገኝ የሚያደርግ አገልግሎት) አስገብቻለሁ፣ ኮንፊጉ ላይ ፓሲቭ አድሬስ (ሰርቨሩ ፋይል ለማስተላለፍ በዚህ ግባ ብሎ የሚሰጠው አድራሻ) የሚለው ቦታም ቁጥር ሳይሆን ስሙን ነው የፃፍኩት። ስሙን ፒንግ ሳደርገው አዲሱን አይፒ ያሳየኛል፣ ኤዲተሩንም ዩዘርኔምና ፓስወርዱን ይቀበለዋል፣ ግን ፎልደሩን ሊያሳየው ሲል ቆሞ ቆሞ ታይም አውት ይላል። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ሳበራው ይስተካከላል፣ መብራት እንደገና ሲጠፋ ደግሞ ያው ነው። ጥር ላይ ሰርግ በሰርግ ስንሆን ሙሽሮች እየጠበቁን እንዲህ ከሆነ በጣም ነው የሚያሳስበኝ፣ ምን ላድርግ?

ዓባይ ድልድይ፦
ኤዲተሩ ፋይልዚላ ላይ ከላይ ያለውን ሎግ ይይልህ፣ 227 ብሎ የሚጀምር መስመር አለ፣ ቅንፍ ውስጥ ስድስት ቁጥር ነው ያለው። ለምሳሌ 203,0,113,25,195,80 ካለ የመጀመሪያዎቹ አራቱ አይፒው ናቸው፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ፖርቱን (የሚገባበትን የበር ቁጥር) ነው የሚሰጡህ፣ 195 በ256 ተባዝቶ 80 ሲደመርበት 50000። ኤፍቲፒ ሎግኢን የሚያደርገው በአንድ መስመር ነው፣ ፋይልና ሊስት የሚያመጣው ደግሞ ሰርቨሩ በነገረው አድራሻ በሌላ መስመር ነው። እዛ ላይ የትኛው አይፒ ነው ያለው?

የጣና ዳር ካሜራ፦
አሁን ደውዬለት አየልኝ፣ የድሮው አይፒ ነው!! ፒንጉ አዲሱን እያሳየ ሰርቨሩ የድሮውን ነው የሚሰጠው

ዓባይ ድልድይ፦
በቃ ተገኘ። ቪኤስኤፍቲፒዲ ስሙን ወደ አይፒ የሚቀይረው ሲነሳ አንዴ ብቻ ነው፣ ከዛ በኋላ አይጠይቅም። መብራት ሲመጣ ራውተሩና ኮምፒውተሩ አብረው ይነሳሉ፣ ዳክ ዲኤንኤስ ገና አዲሱን ሳይመዘግብ ሰርቨሩ ይቀድምና የድሮውን ይዞ ይቀራል፣ አጥፍተህ ስታበራው የሚስተካከለውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ዳክ ዲኤንኤስን የሚያድሰው ስክሪፕት ላይ አይፒው ከተቀየረ ቪኤስኤፍቲፒዲን ሪስታርት አድርግ የሚል ጨምርበት፣ ግን ሁልጊዜ ሳይሆን ሲቀየር ብቻ ይሁን፣ አለበለዚያ እየወረደ ያለ ፋይል ይቋረጣል።

ዜጌ ማዶ፦
ወንድሜ መፍትሄው ትክክል ነው ግን እኔ ብሆን ኤፍቲፒውን ጨርሶ እተወዋለሁ። ተራ ኤፍቲፒ ፓስወርዱንም ቪዲዮውንም ሳይሸፍን ነው የሚልከው፣ የሰው ሰርግ የሰው ቤተሰብ ነው እኮ በአደራ የያዝከው። ኤስኤፍቲፒ (ፋይሉን ቆልፎ የሚልክ ሌላ መንገድ) ተጠቀም፣ ኡቡንቱ ላይ ኦፕንኤስኤስኤች የሚባለውን ሰርቨር ከጫንክ አብሮ ይመጣል፣ ሁሉም ነገር በአንድ ፖርት በ22 ስለሚያልፍ ፓሲቭ አድሬስ የሚባል ጣጣ የለም፣ ስሙ አዲሱን አይፒ ከያዘ በቃ ይሰራል። ፋይልዚላም ይደግፈዋል፣ ኤዲተሩ ፕሮቶኮሉን መቀየር ብቻ ነው። ወደ ውጭ ስለምትከፍተው በፓስወርድ ሳይሆን በኤስኤስኤች ቁልፍ (ኮምፒውተሩ ላይ በሚቀመጥ ሚስጥራዊ ፋይል) ይግባ።

ሌላው ደግሞ የውስጡን አድራሻ አስተካክል፣ መብራት ሲመጣ ራውተሩ ለኮምፒውተሩ በ192.168 የሚጀምር ሌላ አድራሻ ከሰጠው ፖርት ፎርዋርዱ (ከውጭ የመጣውን ወደ ኮምፒውተሩ የሚመራው የራውተር ቅንብር) የማንንም ስልክ ይጠቁማል። ራውተሩ ላይ ዲኤችሲፒ ሪዘርቬሽን የሚለው ውስጥ የኮምፒውተሩን ማክ አድሬስ (የኔትወርክ ካርዱን መለያ) አስገባና አንድ አይፒ እሰርለት።

የጣና ዳር ካሜራ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁም። ዛሬ ማታ ስክሪፕቱን አስተካክላለሁ፣ ኤስኤፍቲፒውን ቅዳሜ ከኤዲተሩ ጋር ሆነን እንሞክረዋለን። አንድ ነገር ብቻ፣ የራውተሩ ዋን (WAN፣ የውጭ መስመሩ) አይፒ አንድ ቀን በ100 ቢጀምርስ? አንድ ጓደኛዬ እንደዛ ሆኖበት ምንም አልሰራለትም

ዜጌ ማዶ፦
ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ ኢንተርኔት ሰጪው አንድ አይፒ ለብዙ ደንበኛ እያካፈለ ነው፣ ያኔ ፖርት ፎርዋርድም ዳክ ዲኤንኤስም አይጠቅሙህም። ቴይልስኬል (ኮምፒውተሮችን በራሱ የግል ኔትወርክ የሚያገናኝ ፕሮግራም) ያንተም የኤዲተሩም ኮምፒውተር ላይ ጫን፣ የውጭው አይፒ ቢቀያየርም የራሱ አድራሻ አይቀየርም። እሱም የሚሰጥህ በ100 የሚጀምር ስለሆነ እንዳይምታታብህ የራውተሩን ገፅ ላይ እይ።