የማይለወጥ ጽሑፍ ያለው የሚሞላ ቅጽ በማይክሮሶፍት ወርድ እንዴት ይዘጋጃል?

ጥያቄ፦ በወርድ ያዘጋጀሁትን የውል ቅጽ ሰዎች በኮምፒውተር ሞልተው ሲመልሱልኝ አንቀጾቹ አብረው እየተቀየሩ ይመጣሉ። የሚሞሉት ቦታዎች ብቻ ክፍት ሆነው ሌላው ጽሑፍ የሚቆለፍበትን መንገድ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦ በመጀመሪያ «ዴቨሎፐር» በሚለው ትር ስም፣ ቀንና ምርጫ በሚገቡባቸው ቦታዎች ሁሉ የመሙያ ሳጥን ያስገቡ፤ በሰረዝ ብቻ የተሠራ ባዶ መስመር ቅጹ ከተቆለፈ በኋላ አይሞላምና ይህን በጥንቃቄ ይዩት። ከዚያ «ሪስትሪክት ኤዲቲንግ» ውስጥ «ፊሊንግ ኢን ፎርምስ» የሚለውን መርጠው በይለፍ ቃል ይቆልፉት።

ጠያቂው፦ ረጅም ማብራሪያ የሚጻፍበትን ገጽ ብቻ ክፍት መተው ይቻላል?

መልስ 1፦ ይቻላል፤ ገጹን በ«ሴክሽን ብሬክ» (በክፍል መለያ) ለይተው፣ ከመቆለፍዎ በፊት እዚያው «ሪስትሪክት ኤዲቲንግ» ውስጥ «ሰሌክት ሴክሽንስ» ላይ የዚያን ክፍል ምልክት ያንሱ።

መልስ 2፦ ይህ ቁልፍ ሳይታሰብ የሚደረግን ለውጥ እንጂ ሆን ተብሎ የሚደረገውን አይከለክልም። ስለዚህ ውል ከሆነ፣ የተመለሰውን ሰነድ ከመፈረምዎ በፊት «ኮምፔር» በሚለው ትእዛዝ ከዋናው ጋር እንዲያስተያዩት አጥብቄ እመክራለሁ።