ከአሜሪካ ግዛቶች መለያ ምግቦች ለደሴ ገበታ የሚስማማው የትኛው ነው?

የሆጤዋ (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እህቴ በሚቀጥለው ወር ባለቤቷን ይዛ ከአሜሪካ ትመጣለች። አማቻችን ተወልደው ያደጉት በሉዊዚያና ግዛት ስለሆነ፣ በቤታችን ከሚያርፉባቸው ምሽቶች በአንዱ የአገራቸውን ምግብ ሠርቼ ላስተናግዳቸው እፈልጋለሁ። የአሜሪካ ምግብ ሲባል በርገር ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ እህቴ ግን እያንዳንዱ ግዛት የሚኮራበት የራሱ ምግብ እንዳለው ነገረችኝ። ያሳሰበኝ ነገር በገበታው ዙሪያ የሚሰበሰቡት ዘመዶቻችን ግማሾቹ ሙስሊሞች፣ ግማሾቹ ክርስቲያኖች መሆናቸው ነው። እንደምታውቁት በወሎ ሥጋው በየእምነቱ ለየብቻ ይታረዳል፤ ድስቱም ለየብቻ ይጣዳል። እኔ ግን ያን ምሽት ሁሉም ከአንድ ድስት ቢበሉልኝ ደስ ይለኛል። ቀኑ የፍስክ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ወጥ ሠሪው (ኮምቦልቻ)፦
ውድ እህቴ፣ ለስድስት ዓመታት በቴክሳስ ምግብ ቤቶች ስለሠራሁ የማውቀውን ልንገርዎት። ቴክሳስ በ1977 እ.ኤ.አ. ይፋዊ ምግቡ ያደረገው ቺሊ የሚባለውን የሥጋና የደረቅ በርበሬ ወጥ ሲሆን፣ ብዙዎቹ የግዛቱ ሰዎች አደንጓሬ እንዲገባበት አይፈቅዱም። ሜይን ሎብስተር በሚባል ባለቅርፊት የባሕር እንስሳ፣ ሜሪላንድ በሸርጣን ይታወቃሉ፤ እነዚህ ግን በእኛ ቤት አይለመዱም። በኒው ዮርክ ግዛት በቡፋሎ ከተማ በ1964 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የዶሮ ክንፍም ያው የዕርድ ጥያቄ አለበት።

ለአማችዎ የሚሆነው ጋምቦ የሚባለው ወፍራም ወጥ ነው፤ ሉዊዚያና ይፋዊ ምግቡ አድርጎታል። የጋምቦ ነፍስ ሩ የሚሉት ማጥበቂያ ነው። እኩል መጠን ያለው የስንዴ ዱቄትና ዘይት ወፍራም ድስት ውስጥ ተደርጎ፣ በመጠነኛ እሳት ላይ እጅ ሳያርፍ ይማሰላል፤ መጀመሪያ ነጭ የነበረው የበሶ ቀለም ይይዛል፣ ቆይቶ ቀላ ይላል፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከታሸ በኋላ ደግሞ የተቆላ ቡና መስሎ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት የሚያቁላላ ሰው ይህን ትዕግሥት ያውቀዋል። ጥቁር ነጠብጣብ ካዩበት አርሯልና ደፍተው እንደገና ይጀምሩ፤ ያረረውን ምንም ቅመም አያድነውም። ቀለሙ እንደደረሰ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ሴለሪና የፈረንጅ ቃሪያ ይጨምሩበት፤ አትክልቱ ሙቀቱን ስለሚያበርደው ዱቄቱ ማረሩን ያቆማል። ከዚያ መረቁን ቀስ በቀስ እያፈሰሱ ያማስሉ። የሚቀርበው በነጭ ሩዝ ላይ ነው።

ታሪክ ወዳድ (ደሴ)፦
ጋምቦ የሚለው ቃል ከአንጎላ አካባቢ ቋንቋዎች የመጣ ሲሆን ትርጉሙም ባሚያ ማለት ነው፤ በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን ቃሉንም ምግቡንም ወደ ሉዊዚያና አሻገሩት። ሩ የፈረንሳዮች ነው። ወጡን ለማጥበቅ አንዳንዶች የሚነሰንሱት ሳሳፍራስ የሚባል ዛፍ ቅጠል ዱቄት ደግሞ ቾክታው የተባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ዕውቀት ነው። ስለዚህ የአንድ ግዛት ምግብ ስንል የብዙ ሕዝብ እጅ ያረፈበት መሆኑን ማስታወስ ተገቢ ይመስለኛል። በ1927 እ.ኤ.አ. አገራችንን የጎበኘው የሩሲያው የዕፅዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ባሚያን ከኢትዮጵያ ምድር ከተገኙ ሰብሎች ጋር መድቦታል፤ በአንጻሩ ያለ እርሱ ወጥ የማንሠራበት በርበሬ መነሻው አሜሪካ ነው። ይህን በገበታው ላይ ለአማችዎ ቢያጫውቷቸው ደስ ይላቸዋል።

የሐይቅ ልጅ፦
የአንድ ድስቱን ጉዳይ ዓሣ ይፈታዋል፤ ዓሣ ዕርድ አይጠይቅም፣ በሉዊዚያናም የዓሣ ጋምቦ አለ። ከሐይቅ ቆሮሶ ያስመጡ። አምባዛውን ግን ይተዉት፤ ቅርፊት ስለሌለው ከክርስቲያን ዘመዶችዎ የማይበሉት ይኖራሉ። ጭንቅላቱንና አጥንቱን ቀቅለው መረቁን ያጥሉ፤ ሥጋው ቶሎ ስለሚበታተን ድስቱ ሊወርድ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ይጨመር። ሩዙን አስቀድመው ይጣዱ፤ በደሴ ከፍታ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ለመብሰል ይዘገያል። በጾም ወቅት የሚመጣ እንግዳ ላለበት ሰው ደግሞ፣ የኒው ኦርሊንስ ካቶሊኮች ለዐቢይ ጾም ከልዩ ልዩ ቅጠላ ቅጠል ሲሠሩት የኖሩት የጎመን ጋምቦ አለ፤ በጎመንና በቆስጣ ይሠራል።

የሆጤዋ (ደሴ)፦
እግዜር ይስጥልኝ፤ አላህ ይስጥልኝ። ትናንት ለሙከራ ሠራሁት። የመጀመሪያው ሩ በር ላይ ከመጣች ጎረቤቴ ጋር ሰላምታ ስለዋወጥ አረረብኝና ደፋሁት፤ ሁለተኛውን ልጄ በየተራ እያገዘችኝ አርባ ደቂቃ አማስለነው የቡና ቀለም ያዘ። ባሚያ ሰኞ ገበያ አላገኘሁም፤ ሆኖም ያለ እርሱም መረቁ ማንኪያ ላይ እስኪያዝ ወፍሯል። እናቴ ቀምሳ በርበሬ ጎድሎታል ስላለችኝ፣ ሚጥሚጣ በትንሽ ሳህን ለብቻ አቀርባለሁ።