ጓደኛዬ ተደፍራለች፣ ግቢው «ፖሊስ ጋ አትሂዱ፣ በኮሚቴ ይታያል» ይለናል። ምን እናድርግ?

ጠያቂ (3ኛ ዓመት)
የእሷንም የግቢውንም ስም አልጠራም። የዶርም ጓደኛዬ ናት። ከትናንት ወዲያ ማታ አንድ ሲኒየር ሃንድአውት ልስጥሽ ብሎ ጠርቶ ደፈራት። ትናንት ለፕሮክተሯ፣ ለዶርሙ ተቆጣጣሪ፣ ነገርናት፣ እሷም ዲን ቢሮ ወሰደችን። የተቀበሉን ሰውዬ በደንብ አዳመጡን፣ አልዋሽም፣ ግን መጨረሻ ላይ «ፖሊስ ጋ ከሄዳችሁ የእሷም የግቢውም ስም ይጠፋል፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴው በሚቀጥለው ሳምንት ሲሰበሰብ ያየዋል» አሉን። ዛሬ ደግሞ የደፈራት ልጅ የአገር ልጆች ነን የሚሉ ሁለት ተማሪዎች ዶርማችን በር ድረስ መጥተው በሽምግልና እንጨርሰው፣ ልጁ ተመራቂ ነው፣ ሕይወቱን አታበላሹበት አሉ። የእሷ ሕይወትስ? እህል አልቀመሰችም፣ ዊዝድሮው (የትምህርት ማቋረጫ ቅጽ) ሞልቼ ቤቴ ልግባ ትላለች። ኮሚቴውን እንጠብቅ? ፖሊስ ጋ ብንሄድ የግቢው ክስ ይቀራል?

ነርስ ነኝ
እህቴ፣ መጀመሪያ ሆስፒታል። ዛሬውኑ፣ አሁን። ኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በፈጠነ ቁጥር የተሻለ ነው፣ ከዚያ ለ28 ቀን ይወሰዳል። የድንገተኛ እርግዝና መከላከያውም እንዲሁ አይዋል አይደር። የለበሰችውን ልብስ እንዳታጥቡት። ፌስታል ውስጥም አትክተቱት፣ እርጥበት ይይዝና ማስረጃው ይበላሻል፣ በወረቀት ጠቅልላችሁ ውሰዱት። ገላዋን ታጥባ ከሆነም ትሂድ፣ ረፈደ ብላችሁ እንዳትቀሩ። አዲስ አበባ ጋንዲ ሆስፒታል እንዳለው ዓይነት የአንድ ማዕከል አገልግሎት አጠገባችሁ ካለ እዚያ ይሻላል፣ ሕክምናውም የፖሊስ ቃሉም እዚያው ያልቃል፣ ታሪኳን በየቢሮው አትደጋግምም።

ጠያቂ
እሺ፣ አሁን እየወጣን ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ጠበቃ
አንዱ ሌላውን አያስቀርም። ኮሚቴው የሚያየው የግቢው ደንብ መጣሱን ነው፣ ቢከፋ ቢከፋ ያባርረዋል። መድፈር ግን በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፣ የሚያከብዱ ሁኔታዎች ካሉ እስከ 20 ይደርሳል። በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጣ ወንጀል ስላልሆነም ታርቀናል ተብሎ በሕግ የሚዘጋ ነገር የለም። ፖሊስ ጋ አትሂዱ የማለት ሥልጣን የሰጣቸው ማንም የለም፣ ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። አያድርገውና ብታረግዝ ደግሞ አንቀጽ 551 ማቋረጥ ይፈቅድላታል፣ ተደፍሬያለሁ የሚለው ቃሏ ይበቃል፣ ሌላ ማስረጃ አምጪ አትባልም። ጠበቃ ለማቆም ገንዘብ የለንም ካላችሁ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነፃ ያግዛል፣ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ብዙ ግቢዎችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው።

ከሜሪላንድ
እኔ የተማርኩት እዚህ አሜሪካ ነው። ታይትል ናይን የሚባል፣ በትምህርት ቤት የፆታ መድልዎን የሚከለክል የ1972 (በፈረንጆች) ሕግ አለ፣ ዩኒቨርሲቲው ክስ ሲቀርብለት ዝም ብሎ እንዳያልፍ ያስገድደዋል። እሱም ቢሆን እስካሁን ያጨቃጭቃል፣ በ2011 የኦባማ መንግሥት ጥፋተኛ ለማለት ማስረጃው ወደ አንዱ ወገን ካመዘነ ይበቃል አለ፣ በ2020 የትራምፕ መንግሥት ደግሞ ሁለቱም ወገኖች በአማካሪዎቻቸው በኩል መስቀለኛ ጥያቄ እንዲቀርብባቸው አዘዘ። ተከሳሹም መሰማት አለበት፣ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ግን አንድ የወደድኩት ነገር አለ፣ ተማሪዋ መደበኛ ክስ ባታቀርብ እንኳ ዶርም መቀየር፣ ፈተና ማራዘም፣ ልጁ እንዳይቀርባት ማድረግ ይቻላል። ፖሊስ ይህን አያደርግላትም፣ ግቢው ግን ይችላል፣ እናንተም ይህንኑ ጠይቁ።

የሥርዓተ ፆታ ቢሮ ሠርቻለሁ
ከላይ ባለው ሁሉ እስማማለሁ። የኮሚቴ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ስላየሁ ልጨምር። ልጅቷን መሐል አስቀምጠው ለምን ሄድሽ፣ ምን ለብሰሽ ነበር፣ ለምን አልጮኽሽም የሚሉ ሰዎች አሉ። ብቻዋን አትግባ። የፆታ ቢሮው ተወካይ አብራት እንድትቀመጥ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ልጁ ባለበት ክፍል ቃሌን አልሰጥም ማለትም ትችላለች። ዊዝድሮው አሁን አትሙላ፣ መጀመሪያ ሐኪምና ፖሊስ ጋ ትድረስ፣ ከዚያ ማረፍ ካማራት ራሷ ትወስን። ሽማግሌ ነን ብለው የመጡትን ልጆች ስማቸውን፣ የመጡበትን ሰዓትና ያሉትን ጻፉት፣ ለፖሊስም ንገሩ። ዲን ቢሮ በቃል የተባለ ነገር ነገ አላልንም ይባላል፣ ስለዚህ ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ አዘጋጁ፣ መዝገብ ቤት ገቢ አድርጉትና በእጃችሁ በሚቀረው ኮፒ ላይ ማኅተምና ቀን አስመቱበት። አልመታም ካሏችሁ ያንንም ከነቀኑ ጻፉት።