የ120 ቮልት ዕቃ በ220 ቮልት ቤት፦ የትኛው በአዳፕተር፣ የትኛው በትራንስፎርመር፣ የትኛውስ ጭራሽ አይሆንም?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ከአሜሪካ የመጡ አራት ዕቃዎች አሉኝ፣ የቤቱ መብራት ደግሞ 220 ቮልት፣ 50 ሄርትዝ ነው። ጀርባቸው ላይ የተጻፈውን እንዳለ ልገልብጥላችሁ፦

ላፕቶፕ ቻርጀር፦ 100-240 ቮልት፣ 50/60 ሄርትዝ፣ 1.5 አምፔር
ቡና ማፍያ ማሽን፦ 120 ቮልት፣ 60 ሄርትዝ፣ 900 ዋት
ሊጥ ማቡኪያ ሚክሰር፦ 120 ቮልት፣ 60 ሄርትዝ፣ 325 ዋት
ማይክሮዌቭ፦ 120 ቮልት፣ 60 ሄርትዝ፣ 1600 ዋት

ከነሱ ጋር ባለ ስድስት ቀዳዳ ዲቫይደርም መጥቷል። ባለ 1000 ዋት ትራንስፎርመር ለመግዛት አስቤ ነበር፤ ግን በመዳፍ የሚያዝ፣ ቀላል፣ «2000 ዋት» የሚል ኮንቨርተርም አየሁ፣ ዋጋውም ይረክሳል። የቱ ይሻላል? ዲቫይደሩንስ በስፒና አዳፕተር ግድግዳው ላይ ሰክቼ ላፕቶፑን ብጠቀምበት?

መልስ 1

እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ዲቫይደሩን ግድግዳው ላይ እንዳትሰኪው። መብራት ሲዘል ይከላከላል ተብሎ የተሠራ ከሆነ ውስጡ ቫሪስተር የሚባል ትንሽ ክብ ዕቃ አለ። የ120 ቮልቱ ቫሪስተር 220 ሲመጣበት «መብራት ዘለለ» ብሎ ይቆጥረውና ኃይሉን ሁሉ በራሱ ላይ ያሳልፋል፤ ወዲያው ይግልና ይፈነዳል፣ ፕላስቲኩንም ሊያቃጥል ይችላል። ምንም ዕቃ ባይሰካበትም ያው ነው። ቦታው ከትራንስፎርመሩ በኋላ፣ በ110 ወይም በ120 ቮልቱ በኩል ብቻ ነው።

የላፕቶፑ ነገር አለቀ፦ 100-240 የሚል ጽሑፍ ካለ የስፒና አዳፕተር ይበቃል። አዳፕተር የእግሩን ቅርጽ ይለውጣል እንጂ ቮልቱን አይነካም።

ቡና ማፍያው ለምን በቀጥታ እንደማይሰካ በቁጥር እይው። በ120 ቮልት 900 ዋት የሚወስድ ማሞቂያ 7.5 አምፔር ይስባል፣ ማለትም 16 ኦም ነው። ያንኑ 220 ላይ ስትሰኪው 13.75 አምፔር ይስብና ወደ 3000 ዋት ይጠጋል። ቮልቱ በእጥፍ ሲጨምር ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ዕድለኛ ከሆንሽ የሙቀት ፊውዙ ይቆረጣል፤ ካልሆነ ገመዱና ፕላስቲኩ ይቀልጣሉ።

ለእሱ 1000 ዋት ጠባብ ነው። ማሞቂያ ያለማቋረጥ ነው የሚስበው፣ የትራንስፎርመር ጽሑፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእውነተኛ አቅሙ በላይ ነው። 1500 ይሁን። ማሽኑ ባለ ሦስት እግር ከሆነ ክቡን የመሬት እግር አስቆርጠሽ ባለ ሁለት ቀዳዳ ላይ አትሰኪው፤ ባለ ሦስት ቀዳዳ ትራንስፎርመር ፈልጊ።

መልስ 2

ያ ቀላል ኮንቨርተር ይቅር። ውስጡ የመዳብ ጥቅል የለም፣ የኃይሉን ሞገድ እየቆራረጠ ነው የሚያሳልፈው። አማካዩ 120 አካባቢ ቢሆንም የሞገዱ ጫፍ ወደ 300 ቮልት ይደርሳል፤ የ120 ቮልት ዕቃ የለመደው ጫፍ 170 ነው። ኤሌክትሮኒክስ ያለው ዕቃ ውስጥ ያለ 200 ቮልት ካፓሲተር (ኃይል የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ) ይህን አይችለውም፣ ያብጥና ይፈነዳል። ኮንቨርተሩ የሚሆነው ምንም ሰርኪዩት ለሌለው እንደ ተራ ካውያ ላለ ዕቃ ነው፣ ለዚያውም ለጥቂት ደቂቃ። ሚክሰሩ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ስላለው አይሆነውም። በክብደቱ መለየት ይቻላል፦ እውነተኛ ባለ 1500 ዋት ትራንስፎርመር በአንድ እጅ ሲያነሱት ይከብዳል።

አሁን ዋናው፦ ትራንስፎርመር ቮልት እንጂ ሄርትዝ (ሞገዱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ) አይቀይርም። 60 ገብቶ 50 አይወጣም፣ 50 ገብቶም 60 አይወጣም። ለቡና ማፍያው ግድ የለውም፣ ማሞቂያ ሄርትዝ አያውቅም። ሚክሰሩ ሞተሩ ባለ ካርቦን (የሚሽከረከረውን ክፍል እየነካ ኃይል የሚያደርስ ትንሽ ጥቁር ቁራጭ ያለው) ከሆነ እንዲሁ። የሞተሩ ቤት ላይ ግራና ቀኝ ትይዩ የሆኑ፣ በስክሩድራይቨር የሚፈቱ ሁለት ክዳኖች ካሉ ካርቦን ነው፤ በአየር ማስገቢያውም ሲሠራ ትንንሽ ብልጭታ ይታያል።

ማይክሮዌቩን ግን እኔ አልመክርም። የተለመደው ዓይነት ውስጡ ትልቅ የብረት ትራንስፎርመር አለ፤ ለ60 ሄርትዝ የተጠቀለለው ብረት በ50 ሲሠራ ከአቅሙ በላይ ማግኔት ይሸከማል፣ ያጉረመርማል፣ ይግላል፣ በጊዜ ብዛት ጥቅልሉ ይቃጠላል። 120 ቮልት ለ60 ሄርትዝ ከሆነ፣ ለ50 ሄርትዝ ልኩ 100 ቮልት ነው፤ ገበያ ላይ ያሉት ትራንስፎርመሮች ግን 110 ወይም 120 ነው የሚያወጡት። ሰዓቱ የመስመሩን ሄርትዝ እየቆጠረ የሚሄድ ከሆነም በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ይዘገያል። በዚያ ላይ ለ1600 ዋት ቢያንስ 2500 ዋት ትራንስፎርመር ትፈልጊያለሽ። በዚያ ገንዘብ የ220 ማይክሮዌቭ ይገዛል።

ጠያቂዋ

በጣም አመሰግናለሁ። ሚክሰሩ ሁለቱም ክዳን አለው። ባለ 1500ውን ልግዛ ነው፤ ሳልሰካበት በፊት ምን ላረጋግጥ? ሁልጊዜስ ተሰክቶ ይቆይ?

መልስ 3

መግቢያውና መውጫው እንዳይምታታብሽ ጽሑፉን አንብቢ፤ ማዞሪያ ካለው 220 ላይ መሆኑን እይ። ምንም ዕቃ ሳይሰካበት ግድግዳው ላይ ሰክተሽ መውጫውን በቴስተር ለኪ፤ ቴስተሩ ኤሲ 750 ላይ ይሁን፣ 200 ላይ ከጀመርሽና ዕቃው የተሳሳተ ከሆነ ቮልቱ ከልኩ ስለሚያልፍ ቁጥሩን አያሳይሽም። 110-125 ካሳየ ደህና ነው። 220 ካሳየ መልሺው፤ ብዙዎቹ አንድ ጥቅል ብቻ ያላቸው ስለሆኑ የጋራው ክፍል ሲበጠስ ሙሉው ቮልት ወደ ዕቃሽ ያልፋል። ስለዚህ ከወደቀ ወይም ከተንኳኳ በኋላ እንደገና ለኪው።

ቀጥሎ ቡና ማፍያውን 15 ደቂቃ አሠሪና የትራንስፎርመሩን ቆዳ ንኪ። ሞቅ ማለት ያለ ነው። እጅ ማሳረፍ የማይቻል ከሆነ ወይም የቫርኒሽ ሽታ ከመጣ ንቀዪው። ሚክሰሩንና ቡና ማፍያውን አብረሽ አታሠሪ፤ ድምሩ 1225 ዋት ነው፣ ሚክሰሩም ጠንካራ ሊጥ ሲይዝ ከተጻፈው በላይ ይስባል።

ትራንስፎርመር ማረጋጊያ አይደለም፤ መብራቱ ወደ 180 ሲወርድ ያንቺም መውጫ ወደ 90 ይወርዳል፣ ያኔ ሚክሰሩን አታስጨንቂው።

ተሰክቶ አይቆይ። ዕቃ ባይኖርበትም ኃይል ይበላል፣ ይሞቃልም። መጀመሪያ ትራንስፎርመሩን፣ ከዚያ ዕቃውን አብሪ፤ ስታጠፊ በተቃራኒው። ሲሰካ ብሬከር አንዳንዴ ቢወርድ አትደንግጪ፣ የመነሻ ስበቱ ነው። በየጊዜው የሚጥል ከሆነ ግን ውስጡ የተነካካ ሽቦ ሊኖር ይችላልና ይታይ።