የእንግሊዝኛ ቃላት ለሚያጠና ሰው የትኛው መዝገበ ቃላት ይሻላል?

ለጂአርኢና ለአይልትስ ፈተና የሚዘጋጁ ልጆች "ቃላት በምን ላጥና?" እያሉ ይጠይቁኛል። የሞከርኳቸውን እዚህ ላስቀምጥላችሁ።

በቅድሚያ ግን፣ ተመሳሳይ ቃላትን ደርድራችሁ አትሸምድዱ። እኔ ለስኮላርሺፕ በጻፍኩት ደብዳቤ፣ እናቴ በትንሽ ገንዘብ እንዴት እንዳሳደገችን ስገልጽ "ስቲንጂ" ብዬ ነበር። ከ"ትሪፍቲ" ጎን ተጽፎ ስላገኘሁት አንድ መስሎኝ ነው። ከመላኬ በፊት ያነበበልኝ ጓደኛዬ "እናትህን እኮ ንፉግ አልካት" ሲለኝ ክው አልኩ። ቆጣቢና ንፉግ በአማርኛ እንደሚለያዩ ሕፃን ያውቃል። እንግሊዝኛውም ላይ ያው ነው። "ፌመስ" እና "ኖቶሪየስ" ሁለቱም ታዋቂ ማለት ናቸው፤ ሁለተኛው ግን በክፉ የታወቀ ነው።

ስለዚህ ፍቺ ይቅደም። ለዚህ የእኔ ምርጫ ሎንግማን ነው። ፍቺዎቹ በ2000 ገደማ ቀላል ቃላት ስለሚጻፉ፣ አንድ ቃል ለመረዳት ሌላ ሦስት ቃል አትፈልጉም። ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ። የኦክስፎርዱ አድቫንስድ ለርነርስም ብዙ አይርቅም። እንዲያውም የሚቀራረቡ ቃላትን ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነታቸውን የሚያስረዳበት ሳጥን አለው። ለዚያ ሳጥን ስል ብቻ ብዙ ጊዜ እከፍተዋለሁ። ሜሪያም ዌብስተር ትልቁ ጥልቅ ነው፣ ግን ለጀማሪ ፍቺው ራሱ ፍቺ ይፈልጋል። ቆይታችሁ ድረሱበት።

ቴሳውረስ የሚባሉት ተመሳሳይ ቃላትን ይሰበስባሉ እንጂ አይፈቱም። የምታውቁት ቃል ምላሳችሁ ላይ ሆኖ እንቢ ሲላችሁ ጥሩ ናቸው። አዲስ ቃል ለመማር ግን አልመክርም፤ እኔን ያሳሳተኝም እንዲህ ያለ ዝርዝር ነው።

የአማርኛ አቻ ለሚፈልግ ዶክተር አምሳሉ አክሊሉ ከሞስባክ ጋር ያዘጋጁት እንግሊዝኛ–አማርኛ አለ። በ1973 እ.ኤ.አ. የታተመ ስለሆነ የዘመኑን ቃላት አትጠብቁበት። ለነባሮቹ ግን የሚመርጠው አማርኛ ያስደስታል።

አሮጌ መጽሐፍ ከመንገድ ላይ ስትገዙ ገጹን ሳታገላብጡ አትክፈሉ። እኔ የገዛሁት አንዱ ኤስ ፊደል ላይ ገጾቹ ተገንጥለው ነበር፤ ቤት ገብቼ ነው ያየሁት። እትሙ ቢያረጅ ግን አያሳስባችሁ፤ የከባድ ቃላት ፍቺ በአሥር ዓመት ብዙም አይለወጥም።

ለማስታወስ ደግሞ አንኪ፤ ፊቱ ላይ ጥያቄ፣ ጀርባው ላይ መልስ ባለው ካርድ የሚያስጠና መተግበሪያ ነው። በኮምፒውተርና በአንድሮይድ ነፃ ነው፣ በአይፎን ይከፈልበታል። ያለ ኔትወርክ ይሠራል፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁም ታጠናላችሁ። የረሳችሁትን ቶሎ፣ ያወቃችሁትን ቆየት አድርጎ ይመልስላችኋል። የተዘጋጀ የካርድ ክምር አታውርዱ፣ ራሳችሁ ጻፉት። በቀን አሥር ቃል ይበቃል።

ካርዱ ላይ ባዶ ቦታ ያለው ዓረፍተ ነገር ይሁን። ጂአርኢ ላይ ከስድስት ምርጫ ሁለት ቃል ምረጡ የሚል ጥያቄ አለ፤ እዚያ ተመሳሳይ ሆነው ለዓረፍተ ነገሩ የማይገቡ ጥንዶችም ይቀርባሉ። የእኔ የ"ስቲንጂ" ካርድ ፊቱ ላይ "አጎቱ ሀብታም ሆኖ ሳለ ለልጁ መድኃኒት እንኳ የማይገዛ ____ ነው" የሚል እንግሊዝኛ አለው። ጀርባው ላይ ደግሞ "ንፉግ። ትሪፍቲ አይደለም፤ ትሪፍቲ እማዬ ናት" ብዬ ጽፌበታለሁ።